የውሃ አባቱና ባለ አምስት ዓምዱ ሠንጠረዥ

«መኪና እየነዳህ ነው እንዴ?» አለችኝ በስልክ፣ ድምፅዋን የማላውቀው ሴት።

«አይ፣ ቢሮ ነኝ።»

«ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ። ማን ልበል?»

«ሉባባ ነኝ፣ የጋሼ እንድሪስ ልጅ፣ ከሸዋ ሮቢት። ምሳ በልተሃል?»

ምሳ መብላቴን በስልክ የምትጠይቀኝ እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠይቀኝ ልትቆጣኝ ስታስብ ነው። በልቻለሁ አልኳት። «አባባ ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብራቸውም በሰላም ተፈጽሟል» አለችኝና ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ሥራ ያልኩት በምክንያት ነው። ጋሼ እንድሪስ ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ መሞታቸው ለማን ለማን እንደሚነገር፣ በማን አፍና በምን ሰዓት እንደሚነገር አንድ በአንድ አስይዘዋት ነበር። ማጀቴ ከተማ ላለችው ልበ ደካማ እህታቸው ሰው ተልኮ፣ በአካል፣ ጎረቤቶቿ ባሉበት። በማሳ ድንበር አኩርፏቸው ለኖረው ሰውዬ ከሁሉም በፊት፣ ምክንያቱም «ከሌላ ከሰማ ንቀውኝ ነው ይላል»። ለእኔ ደግሞ በስልክ፣ ከምሳ በኋላ፣ መኪና እየነዳሁ አለመሆኔ ከተጣራ በኋላ።

«በል እንግዲህ፣ የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «አደራ ብለዋል።»

«ጋሼ እንድሪስ ትናንት ከዙህር በኋላ አረፉ» አልኩ። ያመንኩት በገዛ አፌ ስለው ነው። ስልኩን ዘጋሁ። አለቀስኩም ሳቅኩም፤ የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም።

እንግዲህ እኔ በሙያዬ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ የምባል ሰው ነኝ። ጋሼ እንድሪስን ሳውቃቸው ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ቆላው የሚወርደውን አሮጌ የመስኖ ቦይ በሲሚንቶ የሚያድስ አንድ ፕሮጀክት ቀጠረኝና፣ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን ቁልቁል ወርጄ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና ሹራብ ይዤ ነበር የወረድኩት። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሹራቡን አይታ «ይኼ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነበር። ቦዩ በሲሚንቶ እስኪለበጥና አዲስ የብረት መዝጊያ እስኪገጠምለት ድረስ ለአርባ ቀን ውሃው መዘጋት አለበት። በዚያ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ሁሉ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እንዲያውቅ የማደርገው እኔ ነኝ። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢሮ ተዘግቼ ባለ አምስት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ለማን፣ ምን፣ በምን መንገድ፣ መቼ፣ በማን። ሃያ ሦስት ባለድርሻ አካላት በቀለም ተለይተው ተደረደሩ፤ ተጽዕኗቸው ከፍ ያለው በቀይ፣ መካከለኛው በቢጫ፣ ዝቅ ያለው በአረንጓዴ። ማታ ማታ ከፍቼ አየው ነበር፣ ስለሚያምር።

አንድ ቀን የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር ዳንኤል አንድ አጠር ቀጠን ያሉ፣ አገጫቸው ላይ ብቻ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ይዞ ገባ። «የውሃ አባቱ ናቸው፣ ዕቅድህን አሳያቸው» አለኝ። የውሃ አባት ማለት ገበሬው ራሱ የሚመርጠው፣ ውሃ በተራ ለማን ስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚወስን፣ በውሃ የተጣላን የሚዳኝ ሰው ነው። ጋሼ እንድሪስ ሃያ ዓመት ያህል ሠርተውበታል። ደመወዙ ስንት ነው ብዬ ስጠይቃቸው «ደመወዝ የለውም፣ ስድቡ ግን ተቋርጦብኝ አያውቅም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ኮፊያው ጉልበታቸው ላይ ከሆነ እያዳመጡ ነው፤ ወደ ራሳቸው ከተመለሰ ጨዋታው አብቅቷል። «አንብብልኝ» አሉኝ። ሃያ ሦስቱንም አነበብኩላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙ። ከጨረስኩ በኋላ በጣታቸው ወደ አንዱ ቢጫ መስመር ጠቆሙና፣

«ይኼ ተጠቃሚ ማኅበረሰብ ያልከው ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ሰው አይደለም ጋሼ። ብዙ ሰው ነው።»

«ቤቱ የት ነው? ሄጄ ላነጋግረው ብል ማንን እጠይቃለሁ?»

ጣታቸው ወደ ታች ወረደ።

«እነዚህ አረንጓዴዎቹስ?»

«እነሱ ተጽዕኗቸው አነስተኛ የሆኑ ናቸው። የእኩል አራሾች፣ መሬት የሌላቸው።»

«ዶማ አንስቶ መዝጊያ ለመስበር ስንት ተጽዕኖ ይፈልጋል?»

ኢንጂነር ዳንኤል ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፣ የምር መጠየቃቸው ነበር። ኮፊያቸውን አድርገው «ቀለሙ ግን ያምራል» አሉኝና ወጡ። ለሁለት ቀን ያህል አልወደድኳቸውም።

በዕቅዴ መሠረት መጀመሪያ ትልቅ ስብሰባ ጠራሁ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ብዬ ነበር፤ ሙስሊሞቹ «በጁምዓ?» ብለው ገረመሙኝ። ወደ ሌላ ቀን ሳዞረው በወሩ ሃያ አንድ ላይ ዋለና ክርስቲያኖቹ «በማርያም ቀን?» አሉኝ። በመጨረሻ ማክሰኞ ሆነ። የጥሪ ደብዳቤውን በቀበሌው በኩል፣ የመሬት ደብተር ላይ ስሙ ለሰፈረ ሁሉ በማኅተም በተንኩ። አዳራሹ ጢም አለ። ዳቦና የታሸገ ውሃ አቀረብን። በግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየሁ አንድ ሰዓት ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ፎቶ አስነሳሁ። ሪፖርቴ በጭንቅላቴ ውስጥ ተጽፎ አለቀ።

ጋሼ እንድሪስ አርፍደው ገቡ። የሰውን ፊት አላዩም። በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው የተሰብሳቢውን እግር እያዩ ተራመዱ። የጠፋ ነገር የሚፈልጉ መስሎኝ «ምን ጠፋብዎት?» ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ካልሲ በዛብኝ» አሉኝ በጆሮዬ።

«ማለት?»

«ውሃ የሚያጠጣ ሰው ካልሲ አያደርግም። እነዚህ ደብተሩን የያዙት ናቸው። ግማሾቹ አርጅተዋል፣ ግማሾቹ ከተማ ሱቅ አላቸው። መሬቱን የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። ውሃ ሲዘጋ የሚጮኸው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ይኸው አሁን ማሳ ላይ ነው።»

እኔም በወንበሮቹ መካከል ዞሬ አየሁ። እውነትም ካልሲ ብቻ ነው። እንዲያው በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሰው እግር አስጠልቶኝ አያውቅም። ለአርባ ቀን የሚጎዳ አንድም ሰው ለሌለበት አዳራሽ ነበር አንድ ሰዓት የተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እንድሪስን መከተል ጀመርኩ። ገና ጎህ ሲቀድ ውሃው ወደየማሳው ከሚከፈልበት ቦታ ላይ እንገኛለን፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። ሠንጠረዤን በወረቀት አትሜ ይዤ ስሄድ «እሱን ለቢሮህ አስቀምጠው፣ እዚህ ይረጥብብሃል» አሉኝ። እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሚስቱ ወገብ፣ አጣዬ ስለሄደው ልጁ ጠይቀው ሲያበቁ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገቡት። በአንድ ቀን ከአስራ ሁለት ሰው በላይ አናነጋግርም ነበር። ሂሳቡን ሠርቼ ሦስት ሳምንት ይፈጅብናል ስላቸው «አንተ ያንን ቀለም ለመቀባት ስንት ፈጀብህ?» አሉኝ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የነገሩትን ሰው ሳያስደግሙ አይለቁም። «በል አሁን የሰማኸውን መልሰህ ንገረኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰውን እንደ ሕፃን መቁጠር መስሎኝ አፍሬ ነበር። አንድ ጠዋት ቲማቲም ያለማ አንድ ጎልማሳ ሁሉንም በጥሞና ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«በል መልሰህ ንገረኝ» አሉት።

«ከጥር መባቻ ጀምሮ ለአርባ ቀን ውሃ ይዘጋል።»

«ለማን?»

«ለእነሱ» አለ፣ በአገጩ ወደ ላይኞቹ ማሳዎች እያሳየ።

«ለአንተስ?»

«እንዴ! እኔማ ቲማቲሜ አብቧል እኮ ጋሼ!»

በሳቅ ፈነዳሁ። ጋሼ እንድሪስ ግን እንደ አዲስ ጀመሩለት፣ ከከብቱ ጀምሮ። ከዚያ ቀን በኋላ ማስደገሙ አላሳፈረኝም።

የመጨረሻዋ ሰው እትዬ ወይንሸት ነበረች። ማሳዋ የቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ውሃው ላዩን ሁሉ አጠጥቶ የተረፈው የሚደርስባት ቦታ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው መሬት በእኩል ይዛ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ፤ አንቱ ስላት ግን «ሳላረጅ አታስረጀኝ» ብላ ከልክላኛለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትሰማን ቆየችና ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው፣

«እኔ እኮ ጊደሬን ሸጬ የሽንኩርት ዘር ገዝቻለሁ ጋሼ። መደቡ ላይ ልዘራው ነው። ችግኙን በአህያ ከወንዝ እየቀዳሁ አደርሰዋለሁ፤ ወደ ማሳው ሳዛውረው ግን ያለ ቦዩ ውሃ አይሆንም። አርባ ቀን ካላችሁ ለአርባኛው ቀን ነው የማደርሰው። ያ ውሃ ቢቀርብኝስ?» አለች።

ጋሼ እንድሪስ ኮፊያቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ውሃው በአርባኛው ቀን ማሳሽ ላይ ይደርሳል ብለውኛል፤ እኔም ይደርሳል ብዬሻለሁ። የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ችግኝሽን ሳትነቅይ፣ ከሌላ ሰው ሳትሰሚ እንነግርሻለን።»

«ቃል ነው?»

«ወላሂ።»

እሷም ዘራች። የዓመት ጉርሷን በዚያች ቃል ላይ ዘራች ብል አላጋነንኩም።

ውሃው ተዘጋ። አንድም ሰው አልጮኸም፣ አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። ኢንጂነር ዳንኤል ከበላዮቹ ምስጋና መጣለት፤ ለእኔም ትንሽ ደረሰኝ። ሥራው ሠላሳኛው ቀን ላይ እስኪደርስ ድረስ ደህና ነበር። በሠላሳኛው ቀን የብረት መዝጊያው ከሚሠራበት ብየዳ ቤት ስልክ ተደወለ። አስር ቀን ይጨመርልን አሉ።

ኢንጂነር ዳንኤል ክፉ ሰው አይደለም። ፈራ እንጂ። «አሁን ብንነግራቸው ይረበሻሉ። ለወረዳው ደብዳቤ እንጻፍ፣ መልስ ይምጣ፣ ከዚያ በሥርዓቱ እናሳውቃለን። እስከዚያ ዝም በል» አለኝ። ልከራከረው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሠንጠረዤ ላይ «ማንኛውም መረጃ የሚወጣው በኃላፊው ከጸደቀ በኋላ ነው» ብዬ በደማቁ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ዝም አልኩ። ጋሼ እንድሪስ በየጠዋቱ ይመጣሉ። «እንዴት አደርክ? እናትህ ደህና ናት? ቀኑ እንዳለ ነው?» ይሉኛል። እኔ ምን እንደምላቸው ታውቃላችሁ? «ኢንሻአላህ» እላቸዋለሁ። የማርያም ጽዋ የሚጠጣ ቤተሰብ ልጅ ሆኜ በስምንት ቀን ውስጥ ስምንት ጊዜ ኢንሻአላህ አልኩ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው «ኢንሻአላህ» ብለው ይሄዳሉ፤ ሄደውም ለሰው «ቀኑ እንዳለ ነው» ይላሉ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም፤ በሙቀቱ አሳበብኩ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ሲሚንቶ ያመጣ ሾፌር ብየዳ ቤቱን አይቶ ኖሮ መዝጊያው ገና እንዳላለቀ ነግሯቸዋል። አልተቀመጡም። ኮፊያቸውንም አላወለቁም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ስምንት ቀን ሆነኝ ጋሼ።»

እንዲያ ሲቆጡ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ኢንሻአላህ ለማናውቀው ነገር ነው፤ ለደበቅነው አይደለም። የሃይማኖቴን ቃል ተውሰህ ነው የዋሸኸኝ። እኔም ተቀብዬህ ሰውን ዋሸሁ።» ከዚያ «ወይንሸት ችግኟን ነገ ነው የምትነቅለው። ተነስ» አሉኝ።

እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ሌላ ጊዜ የመንገዱን ሰው ሁሉ ሰላም ሲሉ አንድ ሰዓት የሚፈጁት ሰውዬ እጃቸውን ብቻ እያነሱ ያልፋሉ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ምን እንደሚሉላት አስባለሁ፤ እሳቸው እንዴት እንደሚያለዝቡት፣ ከየት እንደሚጀምሩት። የቅንጭብ አጥሯ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ግባ» አሉኝ።

«አንቱስ?»

«እኔ ያወቅኩት ዛሬ ነው፤ የዛሬውን ለሌሎቹ እየዞርኩ እነግራለሁ። አንተ ስምንት ቀን ይዘኸዋል። ይኼኛው ያንተ ነው።»

ገባሁ። ግቢው የድግስ ግቢ ሆኗል። ችግኝ የሚያዛውሩላትን ሰዎች በደቦ ጠርታ ኖሯል፤ ሃያ ሰው። ጠላ ተጠንስሷል፣ ለሙስሊሞቹ የአብሽ መጠጥ ተዘጋጅቷል፣ ድፍድፉ፣ ዳቦው። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ዮናስ! ቅመስልኝ፣ ና!» አለችኝ። ከግቢው ጀርባ የችግኙ መደብ ይታየኛል፤ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ ነገ ሊነቀል የተዘጋጀ።

እንደ ጋሼ እንድሪስ ስለ ልጆቿ፣ ስለ አህያዋ ልጠይቅ ሞከርኩ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። «እትዬ ወይንሸት፣ ውሃው በአርባኛው ቀን አይመጣም። አስር ቀን ዘግይቷል። ችግኙ እንዳይነቀል» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች። «ዛሬ ነው የሰማኸው?»

«ስምንት ቀን ሆኖኛል።»

«ለምን ስምንት ቀን?»

«ደብዳቤ እየተጻፈ... የወረዳው ፈቃድ እስኪመጣ...»

«እውነቱን።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«አዎ።»

አየችኝ። ከዚያ ወደ መደቡ ዞረችና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጊደሯን፣ ዘሩን፣ በአህያ የተቀዳውን ውሃ ሁሉ አሰብኩ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቆይታ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የተለመደው ነው።

«ነገ ነበር እኮ የምነቅለው። ነገ ብትመጣ ኖሮ መፍራትህ ልክ ነበር።» ተነስታ መደቡ ዳር ሄደች። «ጫፍ ጫፉን ቆርጬ ውሃውን ባሳንስበት አስር ቀን ይቆያል። ይቀጭጫል እንጂ አይሞትም። ደቦውን ግን ምን አደርገዋለሁ? ጠላው ተጠንስሷል፤ የተጠራ ሰው አይመለስም።»

ከአጥሩ ውጭ ጋሼ እንድሪስ ቆመው አገኘኋቸው። ኮፊያቸው በእጃቸው ነበር፣ ሲሰሙ ኖረዋል። «ምን አለችህ? መልሰህ ንገረኝ» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ «ፈርቼ ነው» ያልኩትንም ጭምር። ደቦው ላይ ስደርስ ጢማቸውን አሻሹና ወደ ግቢው ተመልሰው ገቡ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም።

አርባኛው ቀን ጠዋት ላይ ኢንጂነር ዳንኤልና እኔ ቦዩ አጠገብ ቆመን ሳለ፣ ከታች በኩል አቧራ እያስነሳ ብዙ ሰው መጣ። ሁሉም ዶማና አካፋ ይዟል። እትዬ ወይንሸት ከፊት ናት። ኢንጂነር ዳንኤል ፊቱ አመድ መሰለ። «አላልኩህም! ሊሰብሩት መጡ!» ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። ሞተሩንም አስነሳ።

ጋሼ እንድሪስ ከሰዉ መሃል ወጥተው መስኮቱን አንኳኩ። «ይኼ የወይንሸት ደቦ ነው። ሽንኩርቱ ሲቀር ጊዜ ከሚባክን ብለን የቦዩን ጭራ ደለል ልንጠርግ ነው። የእናንተ ሲሚንቶ እዚያ ድረስ አይሄድም። መዝጊያው እንደዘገየ ሁሉም ያውቃል፣ ነግረናቸዋል። ውረድና ጠላ ቅመስ።»

ወረደ። ቀመሰም። ማታ ላይ ያ ሁሉ ደለል ተጠርጎ፣ ቦዩ እስከ መጨረሻዋ ማሳ ድረስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር። የወረዳው የፈቃድ ደብዳቤ የደረሰን ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለገበሬዎቹ «በሥርዓቱ» ልናሳውቅ ስንሄድ አንዱ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ እናንተ ገና አሁን ሰማችሁ?» ብለው አዘኑልን።

ሠንጠረዤን በዚያው ሳምንት አስተካከልኩት። ቀለሞቹን አጠፋሁ፣ «ተጠቃሚ ማኅበረሰብ» የሚለውን በሰው ስም ተካሁት፤ አራት ገጽ የነበረው አስራ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። አንድ አዲስ መስመርም ጨመርኩ፤ «መዘግየት ሲያጋጥም» የሚል። «በማን» በሚለው ዓምድ ላይ «በውሃ አባቱ» ብዬ ጽፌ ሳነብላቸው ጋሼ እንድሪስ አስቆሙኝ።

«እሱን ሰርዝ።»

«ማን ልበል ታዲያ?»

«መጀመሪያ ያወቀው ሰው በል።»

ኢንጂነር ዳንኤል ሳቀ፣ ግን ፈረመበት። በኋላ በሠራሁባቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ ያንን መስመር እከትታለሁ። አንዳንድ አለቆች «ይኼ ምን የሚሉት አሠራር ነው?» ብለው ያስወጡብኛል።

መዝጊያው መጣ። በሃምሳኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቦዩ ሊመረቅ ሆነ። የወረዳው ሰዎች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች፣ ድንኳን፣ ሪባን፣ ድምፅ ማጉያ፤ ሁሉም ላይ፣ ውሃው ከወንዙ ከሚጠለፍበት ቦታ ተሰበሰበ። ንግግር ተደረገ። የውሃ አባቱ ሁለት ቃል እንዲናገሩ ስማቸው ተጠራ፤ የሉም። እንደገና ተጠራ፤ የሉም። ኢንጂነር ዳንኤል በዓይኑ «ፈልጋቸው» አለኝ። ውሃው ሲለቀቅ፣ ሲጨበጨብ፣ እልል ሲባል እኔ በቦዩ ዳር ወደ ታች እየሮጥኩ ነበር።

ያገኘኋቸው በቦዩ ጭራ፣ በእትዬ ወይንሸት ማሳ ዳር፣ አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው ነው። እሷና የደቦው ሰዎች ችግኙን በእቅፍ በእቅፍ ይዘው ቆመዋል፤ አላምን ብላ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልነቀለችውም ነበር። ሁሉም ወደ ላይ ያያሉ።

«ጋሼ፣ እዚያ እኮ እየጠሩዎት ነው! ውሃው ተለቋል!»

«እዚያ ለመልቀቅ ሰው ሞልቷል» አሉኝ። «እኔ ለእሷ ይለቀቃል አላልኳትም፤ ይደርሳል ነው ያልኳት። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ ዘንበል ስትል ውሃው ታየ። ገለባና ደረቅ ቅጠል ከፊቱ እየገፋ፣ ቀስ እያለ መጣ። የተሰነጠቀው አፈር መጀመሪያ የመጣውን ጠጣው፤ ውሃው ቆመ። ከኋላ ሌላው ገፋው። ከግራሩ ሥር እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ቦዩ ውስጥ ወርጄ ነበር የቆምኩት፣ በኮንጎዬ። ውሃው ጫማዬን ነካኝ።

ጋሼ እንድሪስ ከኋላዬ «በል ንገራት» አሉኝ።

«ማንን?»

«ወይንሸትን። ውሃው ደርሷል በላት።»

«ይኸው እያየችው እኮ ነው ጋሼ።»

«ክፉውን የነገርካት አንተ ነህ። ደጉን ሌላ ሰው ሊነግርልህ ነው?»

ዞርኩ። ችግኟን ታቅፋ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከፊቴ ቆማለች። በዚያች ሰዓት ለምን እንደሆነ አላውቅም የወረዳው ንግግር ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልመሰለኝም።

«እትዬ ወይንሸት» አልኳት፣ «ውሃው ማሳሽ ደርሷል።»

«ሰማሁ ዮናስዬ» አለችኝ፣ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው እየሳቀች። «አሁን ከቦዩ ውጣልኝ። ቆመህበት ዘግተህብኛል።»